ኖርዝ ፕላት፣ ነብራስካ፦ ስለ አንዲት የባቡር ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአይ-80 አውራ ጎዳና የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ኖርዝ ፕላትን ያውቋታል። ነዳጅ ይሞሉባታል፣ ሻወር ይወስዱባታል፣ ያድሩባታል። ከጎዳናው ትንሽ ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ያለውን ነገር ግን ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። የዚህች ከተማ ታሪክ ከስሟ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ሰው በብዛት የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዝ ፕላት የት ናት? ትልቅ ከተማ ናት?

ነብራስካ ውስጥ ናት፤ አሜሪካኖች ሚድዌስት በሚሉት ሰፊ የእርሻና የከብት አገር ምዕራባዊ ክፍል። ሰሜን ፕላትና ደቡብ ፕላት የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከከተማዋ በስተምሥራቅ ይገናኛሉ። ከተማዋ የተቀመጠችው በሁለቱ መካከል ነው። ከዴንቨር በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከኦማሃም ያው ነው።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 23,390 ነዋሪ ነበራት። ከአሥር ዓመት በፊት 24,733 ነበር። ማለትም ትንሽ ከተማ ናት፣ ያውም ቀስ በቀስ ሰው የሚቀንስባት።

ማን ቆረቆራት?

ባቡር ነው የቆረቆራት። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 የፓሲፊክ ባቡር ሕግን ሲፈርም፣ ዩኒየን ፓሲፊክ የሚባለው ኩባንያ ከኦማሃ ወደ ምዕራብ ሐዲድ የመዘርጋት መብት አገኘ። በ1866 መገባደጃ ላይ ሐዲዱ 290 ማይል ያህል ተጉዞ ወንዞቹ መገናኛ ደረሰ። ክረምቱ ገባና ሥራው ቆመ። የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ግሬንቪል ዶጅ ቦታውን አስለክቶ የከተማ ፕላን አወጣበት። ኖርዝ ፕላት በዚህ መንገድ ተወለደች።

ያ የመጀመሪያ ክረምት የጉድ ነበር። ሐዲድ ዘርጊው፣ ነጋዴው፣ ቁማርተኛው፣ መጠጥ ሻጩ፣ ሁሉም ድንኳንና የሳንቃ ቤት ተክሎ እዚያው ከረመ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተከማቸ። በ1867 ሐዲዱ ወደ ጁልስበርግ፣ ኮሎራዶ ሲቀጥል ያ ሁሉ ሕዝብ ድንኳኑን ነቅሎ ተከተለው። ኖርዝ ፕላት ውስጥ የቀረው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነበር።

ታዲያ እንደ ሌሎቹ የድንኳን ከተሞች ለምን አልጠፋችም?

ባቡሩ እዚያ መቆም ስለነበረበት ነው።

የእንፋሎት ባቡር ሩቅ አይሄድም። ውኃ ይጠማዋል፣ ከሰል ያልቅበታል፣ አመዱ መጠረግ አለበት፣ ብረቱ ዘይት ይፈልጋል። ሾፌሩና እሳት አንዳጁም ሰው ናቸው፣ መቀየር አለባቸው። ስለዚህ ኩባንያው በየተወሰነው ርቀት ዋና ማረፊያ ያስፈልገው ነበር። ለኖርዝ ፕላት ይህ ዕጣ ደረሳት። ወርክሾፕ ተሠራላት፣ ሎኮሞቲቮች የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ክብ ጋራዥ ተሠራላት፣ ሆቴል ተሠራላት። ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ ሲኖር ሱቅ ይከፈታል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የጅቡቲው ሐዲድ ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ስላላዋጣ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። ወርክሾፑም፣ ሠፈሩም፣ ገበያውም ባቡሩን ተከትሎ መጣ።

የኔ እምነት የኖርዝ ፕላት ታሪክ በሙሉ የሚጠቀለለው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ቦታ ባቡር ያልፋል፤ እዚህ ይቆማል። ከዚህ በታች የማወራው ነገር ሁሉ ከዚያ መቆም የመጣ ነው።

ከባቡሩ በፊት ምድሩ የማን ነበር?

የፖኒ፣ የላኮታና የሻየን ሕዝቦች የሚንቀሳቀሱበትና ጎሽ የሚያድኑበት አገር ነበር። ሐዲዱ የጎሹን መንጋ መንገድ ቆረጠ፣ ከኋላውም ሠፋሪ አስከተለ።

በመስከረም 1867 የአሜሪካ መንግሥት የሰላም ኮሚሽን በዚሁ በባቡር መጥቶ ኖርዝ ፕላት ላይ ከላኮታና ከሻየን መሪዎች ጋር ተቀመጠ። ከመሪዎቹ አንዱ ስፖትድ ቴይል ነበር። መሪዎቹ በማደኛ ምድራቸው ላይ የሚያልፉት መንገዶች እንዲቆሙ ጠየቁ። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የነበረው ጄኔራል ሸርማን መንገዱም ባቡሩም እንደማይቆም በግልጽ ነገራቸው። በዓመቱ የፎርት ላራሚ የሚባለው የሰላም ውል ተፈረመ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ተጣሰ።

የፖኒዎቹ ነገር ደግሞ የባሰ ያሳዝናል። ብዙ ወጣቶቻቸው ከአሜሪካ ጦር ጋር ሆነው የሐዲዱን ሠራተኞች ሲጠብቁ ነበር። በ1870ዎቹ እነሱም አገራቸውን ለቀው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ሄዱ።

ቡፋሎ ቢል የሚባለው ሰው የዚህ ከተማ ሰው ነው?

ተወላጅ አይደለም፤ ግን ቤቱን የሠራው እዚህ ነው። ትክክለኛ ስሙ ዊልያም ኮዲ ነው። የጦር መንገድ መሪና አዳኝ ነበር፤ በኋላ የዓለም ታዋቂ የትርኢት ሰው ሆነ። በ1882 የከተማው ሰዎች ለሐምሌ 4 በዓል አንድ ነገር አዘጋጅልን አሉት። ፈረስ ግልቢያና የከብት መያዝ ውድድር አዘጋጀላቸው። ብዙዎች የሮዲዮ ውድድር መነሻ ያ ቀን ነው ይላሉ። በዓመቱ ታላቁን የዋይልድ ዌስት ትርኢት ጀመረ። ይህንንም አውሮፓ ድረስ ወሰደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳትቀር አይታዋለች። በ1886 የተሠራው ትልቁ ቤቱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው።

ካንቲኑ ምን ነበር? ሰው ሁሉ ለምን ያወራለታል?

ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው። ኖርዝ ፕላት ሌላ ምንም ባይኖራት ይህ ይበቃት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ 1941 ነው። ፐርል ሃርበር ከተደበደበ ገና አሥር ቀኑ ነው። የነብራስካ ብሔራዊ ዘብ አባላት የሆኑት የከተማዋ ልጆች፣ ዲ ካምፓኒ የሚባል ሻምበል ናቸው፣ በባቡር ያልፋሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ወደ 500 ሰው ለገና የሚሆን ስጦታ፣ ምግብ፣ ሲጋራ ይዞ ባቡር ጣቢያ ወጣ። እናቶች አሉ፣ እጮኞች አሉ። ባቡሩ መጣ። እውነትም ዲ ካምፓኒ ነው፤ ግን የካንሳሱ ዲ ካምፓኒ ነው። የሌላ ሰው ልጆች እንጂ የነሱ አይደሉም።

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ የያዙትን ሁሉ ለማያውቋቸው ወታደሮች ሰጡ።

ከሕዝቡ መካከል ሬይ ዊልሰን የምትባል የ26 ዓመት ሱቅ ሠራተኛ ነበረች። በነጋታው ለአካባቢው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። በዚህ የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ ለምን እንደዚህ አንቀበልም አለች። እኔ ያለ ክፍያ አስተባብራለሁ አለች። የዩኒየን ፓሲፊክ ፕሬዚዳንት በዚያን ጊዜ ዊልያም ጄፈርስ ነበር። ይህ ሰው ራሱ ኖርዝ ፕላት ተወልዶ፣ በ14 ዓመቱ የባቡር ሠራተኞችን ከየቤታቸው እየሮጠ የሚጠራ ተላላኪ ሆኖ ነው ሥራ የጀመረው። የጣቢያውን ምሳ ቤት ፈቀደላቸው። በገና ቀን ካንቲኑ ሥራ ጀመረ።

የወታደር ባቡር እዚያ የሚቆመው ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ሎኮሞቲቩ ውኃ እስኪሞላና ብረቱ ዘይት እስኪቀባ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ወንዶቹ እየሮጡ ይገባሉ። ሳንድዊች አለ፣ ቅቅል እንቁላል አለ፣ ኬክ አለ፣ ቡናና ወተት አለ። ገበሬዎቹ አድነው ያመጡት የቆቅ ዓይነት ወፍ ሥጋ ሳይቀር በዳቦ ይቀርባል። ጥግ ላይ ፒያኖ አለ። አንድ ወታደር ልደቱ መሆኑን ከተናገረ ሙሉ የልደት ኬክ ይሰጠዋል፣ ይዞት ባቡሩ ላይ ይወጣል። ስኳር በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ነው ይህ። ለወታደሩ ኬክ ለመጋገር የራሱን ቡና ያለ ስኳር የጠጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጃገረዶች ፈንዲሻውን በስኳር እያድቦለቦሉ ስማቸውንና አድራሻቸውን በወረቀት ውስጡ ይከቱ ነበር። ከዚያ ደብዳቤ ይጀመራል። ጥቂቶቹ እስከ ትዳር ደርሰዋል።

በ1940 የከተማዋ ሕዝብ 12,000 ገደማ ነው። ብቻዋን አትችለውም ነበር። ስለዚህ በዙሪያዋ ያሉ 125 ያህል ከተሞችና መንደሮች ተራ ገቡ። ጥቂቶቹ ከኮሎራዶ ድረስ ይመጡ ነበር። አንዷ መንደር ሰኞ ተረኛ ከሆነች ሴቶቹ ቀድመው ሲጋግሩና ሲቀቅሉ ይሰነብታሉ። የመንግሥት በጀት አልነበረውም። ገንዘቡ የተገኘው ከጭፈራ መግቢያ፣ ከቁራጭ ብረት ሽያጭ፣ ከጨረታ ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጨረታ ላይ የለበሰውን ሸሚዝ እያወለቀ በመሸጥ ታውቋል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አምስት ዶላር ልከዋል።

እንዲህ እያሉ ከአራት ዓመት በላይ፣ በቀን ሦስት ሺህና አንዳንዴም አምስት ሺህ ወታደር፣ አንድም የወታደር ባቡር ሳያሳልፉ ተቀበሉ። ሚያዝያ 1 ቀን 1946 ሲዘጋ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ተስተናግዶበት ነበር። ያስተናገዱት በጎ ፈቃደኞች 55,000 ይሆናሉ።

የጣቢያው ሕንፃ አሁን አለ?

የለም። በ1971 አምትራክ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት የመንገደኛ ባቡሮችን ሲረከብ ኖርዝ ፕላት ከመስመሩ ወጣች። በ1973 ሕንፃው ፈረሰ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስድስት ሚሊዮን ሰው ያለፈበት በር ተጠብቆ መቆየት ይገባው ነበር። ቁሳቁሱና ፎቶግራፎቹ በከተማዋ ባለው የሊንከን ካውንቲ ሙዚየም ይታያሉ።

መንፈሱ ግን አልፈረሰም። በ2018 ከሥልጠና ወደ አርካንሳስ የሚመለሱ 700 ያህል የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በአውቶቡስ ሲያልፉ ከተማዋ እንደገና ካንቲን ከፈተችላቸው። ሳንድዊቹም፣ ኬኩም፣ ፈንዲሻውም ነበር።

ጥቁሮችንስ እንዴት ይቀበሉ ነበር?

ይህን ጥያቄ የኛ ሰዎች መጠየቃቸው ትክክል ነው። መልሱ ሁለት ወገን አለው።

በሐምሌ 1929 አንድ ጥቁር ሰው አንድ ፖሊስ ገደለ። የተቆጣ የነጮች መንጋ ተነሥቶ የከተማዋን ጥቁር ነዋሪዎች በሙሉ ውጡ አለ። በወንጀሉ እጅ የሌለበት ቤተሰብ ንብረቱን ጥሎ በባቡርና በመኪና ሸሸ። ይህ የከተማዋ ጠባሳ ነው፤ የካንቲኑን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሊዘለው አይገባም።

ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ያው ባቡር ጣቢያ ለጥቁር ወታደሮችም በሩን ከፈተ። የአሜሪካ ጦር በዘር ተከፋፍሎ በነበረበት ጊዜ፣ ብዙ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ጥቁርን በማያስገባበት ጊዜ፣ ካንቲኑ ውስጥ ጥቁሩም ነጩም ያንኑ ሳንድዊች በላ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ሁለቱም የሆኑት በአንድ ከተማ ነው።

ቤይሊ ያርድ ምንድን ነው?

በከተማዋ ምዕራብ በኩል ያለው የዩኒየን ፓሲፊክ ግዙፍ የባቡር መደልደያ፣ ማለትም ፉርጎዎች እየተለዩ በየመድረሻቸው የሚመደቡበት ቦታ ነው። ስሙ የተሰጠው ኤድ ቤይሊ ለሚባል የቀድሞ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነው። ርዝመቱ 8 ማይል ነው፤ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ስፋቱ 2,850 ኤከር ነው። ውስጡ ያለው ሐዲድ ቢቀጣጠል 315 ማይል ይሆናል። በ1995 ጊነስ የዓለም ትልቁ ብሎ መዝግቦታል።

በሞቀበት ዘመን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10,000 በላይ ፉርጎ ያልፍበት ነበር። ከዋዮሚንግ የሚመጣ የድንጋይ ከሰል፣ ከእርሻው የሚመጣ በቆሎና ስንዴ፣ ከምዕራብ ወደቦች የሚመጣ ኮንቴይነር። ከዚህ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጋው ፉርጎ ከመጣበት ባቡር ተፈትቶ ከሌላ ጋር የሚታሰር ነው።

ፉርጎዎቹን የሚደለድሉት እንዴት ነው?

በቁልቁለት ነው። ሰው ሠራሽ ጉብታ አለ። ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት የተሠራው 34 ጫማ፣ ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት የተሠራው 20 ጫማ ከፍታ አለው።

ባቡሩ ሲገባ የጎተተው ሎኮሞቲቭ ይፈታል። የፉርጎዎቹ የፍሬን አየር ይለቀቃል። ሌላ ሎኮሞቲቭ ከኋላ ሆኖ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ጉብታው ይገፋቸዋል። አናቱ ላይ ሠራተኛው የማያያዣውን ፒን ይስባል። ፉርጎው ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ሞተር የለው፣ ሾፌር የለው። ክብደቱና ፍጥነቱ በኮምፒዩተር ይለካል። ሐዲዱ ዳርና ዳር ላይ ያሉ ብረቶች ጎማውን ግራና ቀኝ ጨምቀው ያዘገዩታል። ያን ጊዜ የሚሰማው የብረት ሲቃ ጆሮ ይበሳል። ከዚያ መለያያ ሐዲዶቹ ራሳቸው ይዞራሉ፤ ፉርጎው 114 ከሚሆኑት መስመሮች ወደ አንዱ ይገባል። እዚያ ከቆመው ፉርጎ ጋር ቀስ ብሎ ይጋጭና ይቆላለፋል። አንዱ መስመር የሎስ አንጀለስ፣ ሌላው የቺካጎ፣ ሌላው የሲያትል ነው። መስመሩ ሲሞላ ሎኮሞቲቭ ይታሰርለታል፣ ፍሬኑ ይፈተሻል፣ ይሄዳል።

ለማየት ቀላል ይመስላል። ግን እህል የጫነ ፉርጎ ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል። ትንሽ ቢፈጥን ዕቃ ይሰባብራል፣ ትንሽ ቢዘገይ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

የባቡር ሠራተኛ ኑሮ እንዴት ነው?

ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ክፉ ነው። መስመር ላይ የሚሠሩት ቋሚ ፈረቃ የላቸውም፤ ስልክ ሲደወል ይነሣሉ። በፌዴራል ሕግ በአንድ ጉዞ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም። ሌላ ከተማ ደርሰው ያርፋሉ፣ ከዚያ ሌላ ባቡር ይዘው ይመለሳሉ። የልጅ ልደት፣ ሠርግ፣ እሑድ የሚባል ነገር የለም። ረጅም ጉዞ የሚነዱ የኛ ሾፌሮች ይህን ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ከተማዋ ዛሬም በባቡር ነው የምትኖረው?

በዋናነት አዎ። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቤይሊ ያርድ ከ2,000 በላይ ሰው ያሠራ ነበር። ከ2019 ወዲህ ኩባንያው አሠራሩን ሲቀይር ብዙ ሰው ተቀንሷል። የዛሬ ባቡር በጣም ረጅም ነው፤ ናፍጣው ሩቅ ያደርሰዋል፤ በየመንገዱ ባልቆመ ቁጥር ለኩባንያው ያተርፋል። የድንጋይ ከሰሉም ጭነት ወርዷል። ባቡር በመቆሙ ለኖረች ከተማ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ከተማዋ ሌላ ሥራ ስትፈልግ የቆየችው። በቅርቡ በቀን 1,500 ከብት እንዲያርድ ታስቦ የተሠራ ትልቅ የሥጋ ፋብሪካ ተከፍቷል፤ ሲታቀድ ወደ 800 ሰው ይቀጥራል ተብሎለታል። አካባቢው የከብት አገር ስለሆነ ያስኬዳል ብዬ አስባለሁ። በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉት ሆቴሎችና ነዳጅ ማደያዎችም ብዙ ሰው ያሳድራሉ።

በባቡር መሄድ ይቻላል?

አይቻልም። ይህን የሰማ ሁሉ ይገረማል። በዓለም ትልቁ መደልደያ ያለባት ከተማ መንገደኛ ባቡር የላትም። አምትራክ በነብራስካ የሚያልፈው በደቡብ በኩል በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ነው። መኪና ይዛችሁ ሂዱ።

ለግማሽ ቀን ባርፍ ምን ልይ?

መጀመሪያ ጎልደን ስፓይክ ታወር ውጡ። በ2008 የተከፈተ ባለ ስምንት ፎቅ ማማ ነው፤ መደልደያው በሙሉ ከሥር ይታያል። ሰባተኛው ፎቅ አየር ላይ ክፍት ነው፣ ስምንተኛው በመስታወት የተዘጋ ነው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች እያገኟችሁ የምታዩትን ይተርኩላችኋል። ከነሱ ጋር ለማውራት አትቸኩሉ። ከማማው የተሻለው ነገር እነሱ ናቸው።

ከዚያ ኮዲ ፓርክ ግቡ። ቻሌንጀር የሚባለው ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ቁጥር 3977፣ እዚያ ቆሟል። ልጆች ካሏችሁ ከጎማው ጎን አቁማችሁ ፎቶ አንሷቸው፤ ያኔ መጠኑ ይገባችኋል። ካንቲኑን ለማየት ወደ ሙዚየሙ ነው፤ የቡፋሎ ቢል ቤትም እዚያው አካባቢ ነው። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ከሄዳችሁ ደግሞ በፕላት ወንዝ ሸለቆ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን ወፎች ወደ ሰሜን ሲጓዙ ያርፋሉ። ጎህ ሲቀድ ነው የሚታዩት።

ሙዚየሞቹ በክረምት ሰዓት ያሳጥራሉ ወይም ይዘጋሉ፤ ቀድማችሁ ደውሉ። ከዴንቨር የምትመጡ ደግሞ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ፤ ኖርዝ ፕላት ሴንትራል ታይም ነው።